ለሌባው አፍ የሆንኩባቸው ቅዳሜዎች

በጣሊያን የወንጀል ፊልም ውስጥ ፖሊሱ ብዙ የሚናገረው የለውም። «የት ነበርክ?» ይላል። «ማን ላከህ?» ይላል። አለቃው ቢሮ ይገባና ሕጉ እጄን አሰረኝ እያለ ጠረጴዛ ይደበድባል። ከዚያ ወጥቶ መኪናውን ያስነሳል፤ በጠባብ መንገድ ላይ የአንድ ምስኪን ፍራፍሬ ሻጭ ብርቱካን እየበተነ ይነዳል። ጢሙ ያማረ ነው፤ የቆዳ ጃኬቱም ጥሩ ነው። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ግን ከተናገረው አንዲት ቃል የሚያስታውስ ሰው አይገኝም። የሚታወሰው ሌባው ነው። ሌባው እናት አለው፣ የሚወደው ምግብ አለው፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ ሲስቅም ከልቡ ነው።

ይህን የማውቀው በማየት ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ለአንድ ዓመት ከምናምን ያህል፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደቡብ ሲያትል በሚገኘው፣ እኔም በምኖርበት የአጎቴ አፓርትመንት ሳሎን ውስጥ የእነዚያን ሌቦች ንግግር ወደ አማርኛ የምመልሰው እኔ ነበርኩ።

አጎቴ ኤርፖርት አውሮፕላን ያጸዳ ነበር። ቅዳሜ የጠዋት ሺፍቱን ሲጨርስ ቡሪየን የሚባል ሰፈር አንድ ቪዲዮ ቤት ጎራ ይልና ሽፋኑ ላይ ሽጉጥ ያለበትን ካሴት ይዞ ይመጣል። ከታችኛው መደርደሪያ የሚያነሳቸው አብዛኞቹ የጣሊያን ፊልሞች ነበሩ። ድምፁ ወደ እንግሊዝኛ ስለተለወጠ ሰዎቹ አፋቸውን ከዘጉ በኋላም ቃላቸው ይቀጥላል። የሥራ ባልደረቦቹ ከእሱ ጋር ይመጣሉ። እትዬ የምንላት፣ ኦበርን ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የምታሽግ ጎረቤታችንም ትመጣለች። ሻምበልም ይመጣሉ።

ፓርክ አድርግ፣ ኮል አድርግልኝ፣ ሺፍት ቀይረኝ ለማለት የሚበቃ እንግሊዝኛ ሁሉም ነበራቸው። አንድ ሌባ ለሌላው በስልክ የሚያንሾካሹከውን ለመከተል ግን አይበቃም። ስለዚህ አጎቴ አንድ ቀን በርጩማ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጠና፣ «ሶ፣ አንቺ ተምረሻል፤ ንገሪን» አለኝ።

ተምሬ ነበር። ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመርቄ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ የደም ናሙና እመረምር ነበር። ሥራውን የወደድኩት ናሙና ስለማያናግረኝ ነው። ቤተ ክርስቲያን ጥቅስ እንዳነብ ስጠየቅ መጽሐፍ ቅዱሱን ለጎረቤቴ አቀብላለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ መልሱን እያወቅሁ እጄን ሳላነሳ ስንት ክፍለ ጊዜ አልፏል። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራዬን እንደ ላቦራቶሪ ሪፖርት ነው የሠራሁት። «መምጣት አልችልም ይላል።» «ሴትየዋ አላየሁትም ትላለች።» በአንድ እጄ ሽቦው እስከ ቪዲዮው የሚደርሰውን መቆጣጠሪያ ይዤ ፊልሙን አቆማለሁ፣ እነግራቸዋለሁ፣ እለቀዋለሁ።

ይህ የተለወጠው በአንድ ፋርማሲስት ምክንያት ነው። ሰውዬው ነጭ ጋውን ለብሶ መድኃኒት እየሸጠ ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ የሚላን ከተማን ግማሽ ወንበዴ ያዛል። ከሰዎቹ አንዱ ለፖሊስ ከድቶት ነበር። ያ ከዳተኛ ተይዞ ፊቱ ሲቀርብ እየተንቀጠቀጠ ያስላል። ፋርማሲስቱ መነጽሩን አውልቆ ተናገረ፤ እኔም ፊልሙን አቆምኩና ሳላስበው እንዲህ አልኩ፦

«ይኼ ሳል ደረትህ ውስጥ ገብቷል። ቁጭ በል። መጀመሪያ ሳልህን ላድንልህ፤ ስለ ክህደትህ በኋላ እናወራለን።»

«ይላል» ማለት ረሳሁ። ድምፄም የእኔ አልነበረም፤ ቀስ ያለ፣ የማይቸኩል፣ ማንም እንደማያቋርጠው የሚያውቅ ሰው ድምፅ ነበር።

«እንዴ፣ ይቺ ልጅ ድምፅ አላት እንዴ?» አለች እትዬ።

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ይላል» ቀረ።

አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት የገባ ሁሉ እንደሚያውቀው የፊልሙ ጀግና «አክተሩ» ይባላል፤ አክተሩ ደግሞ አይሞትም። ሳሎናችን ውስጥ ይህ ሕግ ቀስ በቀስ ተበላሸ።

«ቆይ፣ አክተሩ የቱ ነው?» ትላለች እትዬ።

«ፖሊሱ ነዋ።»

«ይኼ? ይኼማ ሾፌር ነው።»

ሰዎቹ ሌባው እንዳይያዝ መጨነቅ ጀመሩ። ሲሞትም ከንፈራቸውን ይመጥጡለታል። አንዱ የአጎቴ ባልደረባ እንዲያውም ሌባው ከመሞቱ በፊት፣ ያሸነፈ እንደሆነ ሁሉ፣ ተነስቶ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። እኔ ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤበታለሁ። ፖሊሱ መታወቂያ አለው፣ ሽጉጥ አለው፣ ከኋላው መንግሥት አለ፤ ባይናገርም የሚናገርለት አለው። ሌባው ያለው አፉ ብቻ ነው። ስለዚህ ፊልሙን የጻፈው ሰው፣ አስቦበትም ይሁን ሳያስብበት፣ ጥሩ ጥሩውን ቃል ሁሉ ለሌባው ይሰጠዋል። አፍ የሌለኝ እኔ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ያን አፍ እዋሳለሁ። ያ በርጩማ ቢወሰድብኝ ሌላ የምናገርበት ቦታ አልነበረኝም። ይህን የሚያውቅ ግን ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

በዚህ ሁሉ ያልተደሰቱት ሻምበል ብቻ ነበሩ።

ሻምበል በጃንሆይ ጊዜ የፖሊስ መኮንን ነበሩ። አሁን መሀል ከተማ አንድ ጋራዥ ውስጥ የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋሉ። ቅዳሜ ግን ከረባት አስረው ይመጣሉ፤ ሶፋው ላይ ሳይሆን ቀጥ ባለው የእንጨት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አጎቴ ሲያትል እንደደረሰ ለሦስት ወር ያስጠጉት፣ ሥራ ያስገቡትና አፓርትመንቱን ያገኙለት እሳቸው ናቸው። በቤታችን የእሳቸው ቃል ከበድ ይል ነበር።

«አንቺ ልጅ፣» አሉኝ አንድ ቅዳሜ ፊልሙ ሲያልቅ፣ «ፖሊሱን ዱዳ አደረግሽው እኮ።»

«የሚለው ይኸው ነው ሻምበል።»

«ጨምሪለታ። ሌባውስ ያን ያህል ይለፈልፋል? አንቺ ነሽ የምታሳምሪው።»

«አላሳምርም።»

«እኔ ስንቱን ሌባ መርምሬያለሁ። አንድም ቀን እንዲህ ቁም ነገር የሚናገር ሌባ አላጋጠመኝም።»

«በጥፊ እያሉ ሲጠይቋቸው ምን ቁም ነገር ይመጣላቸዋል?» አለች እትዬ ከሶፋው ላይ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሻምበል አልሳቁም።

በሳምንቱ አጎቴ መኪና ውስጥ ነገሩን አነሳው። መንገዱን እያየ ነበር የሚናገረው። «ለሻምበል ስትዪ ሌባውን ትንሽ ቀነስ አድርጊው። ፖሊሱንም ትንሽ ከፍ። ፊልም ነው፤ ማን ያውቅብሻል? ኦኬ?»

«ኦኬ» አልኩ። ትልቅ ሰው ሲያዘኝ እምቢ ብዬ አላውቅም ነበር።

የዚያን ቅዳሜ ኢንስፔክተሩ «ውጣ» ባለ ቁጥር እኔ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጨመርኩለት። ሕግ ለሁሉም እኩል ነው አስባልኩት። የድሀ ልጅ እንባ አያስተኛኝም አስባልኩት። ሌባው ስለ ፖሊስ ያፌዘውን ደግሞ «ይሳደባል» ብዬ አለፍኩት። ሻምበል ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። ሌሎቹ ማዛጋት ጀመሩ፤ አንዱ ስልክ ልደውል ብሎ ተነስቶ አልተመለሰም። እትዬ ኩሽና ተከትላኝ መጣችና፣ «ዛሬስ የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ አስመሰልሽው፤ ማን ሞተብሽ?» አለችኝ።

ሰኞ ላቦራቶሪ ገብቼ የአንድ በሽተኛ የደም ውጤት ስጽፍ እጄ ቆመ። ውጤቱ ጥሩ አልነበረም። ሐኪሙ ደስ እንዲለው ብዬ ቁጥሩን ባሻሽለው በዚያው ቀን ያባርሩኛል፤ ማባረራቸውም ትክክል ነው። ቅዳሜ ያደረግሁት ከዚህ በምን ይለያል? ፊልም ነው ብሎኝ ነበር አጎቴ። ለእኔ ግን ፊልም ብቻ አልነበረም። ሰዎቹ ሰውዬው ምን አለ ብለው ፊት ፊቴን እያዩኝ ነበር፤ የሚያምኑት ደግሞ እኔን ነው። አፍሬ ጓንቴን አወለቅኩ፣ እጄን ታጠብኩ፣ እንደገና ጓንት አደረግኩ።

የዚያን ቀን ማታ እራት ላይ ለአጎቴ፣ «ጋሼ፣ ያሉትን እላለሁ፤ ካልሆነ ጭራሽ አልልም» አልኩት።

ሹካውን አስቀመጠ። ሚስቱም ቀና ብላ አየችኝ። በዚያ ቤት ውስጥ «አልልም» የሚል ቃል ከአፌ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ሻምበል ግን መፍትሔ አላጡም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ራሳቸው ካሴት ይዘው መጡ። ፊልሙ ወደ እንግሊዝኛ አልተለወጠም፤ ሰዎቹ በጣሊያንኛ ይናገራሉ፣ እንግሊዝኛው ከታች ይጻፋል። ሻምበል በወጣትነታቸው አስመራ ተመድበው ሠርተዋል። «ጣሊያንኛ ከሆነ እኔ አለሁ፤ ልጅቷ ትረፍ» አሉ። አጎቴም ዓይኔን ሳያይ በርጩማውን አንስቶ የእሳቸውን ወንበር በቦታው አስጠጋ። እኔ ከኋላ፣ ኩሽናው በር አጠገብ ተቀመጥኩ። ለእኔ ነገሩ በዚያው ያበቃ መሰለኝ። ከዚህ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ብርጭቆ አነሳለሁ፤ ሰው ሲያናግረኝ ወለሉን አያለሁ።

ፊልሙ ጄኖቫ ወደብ ላይ ጭነት መኪና እየሰረቀ ስላረጀ ሰውዬ ነበር። ወፍራም ነው፤ ደረጃ ሲወጣ በየፎቁ ቆሞ ይተነፍሳል፤ በየፎቁም ከአንድ ጎረቤት ጋር ይቀልዳል። ሻምበል ኢንስፔክተሩ ሁለት ቃል ሲናገር አምስት ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ፤ ሽማግሌው አምስት ሲናገር ሁለት ቃል። እኔ ከታች የተጻፈውን አንድ ሰዓት ሙሉ አነበብኩ።

መጨረሻ ላይ ፖሊሶቹ ሽማግሌውን ኩሽናው ውስጥ ከበቡት። እንቁላል ጠብሶ ሊበላ ተቀምጧል። ኢንስፔክተሩ ሽጉጡን ደቅኖ እጅ ወደ ላይ አለው። ሽማግሌው አንድ እጁን ብቻ አነሳ፤ በሌላው ሹካውን እንደያዘ፣ እንቁላሉን እያላመጠ፣ እየሳቀ ረጅም ነገር ተናገረ። ሻምበል ፊልሙን አቆሙት።

«በድያለሁ፣ አርጅቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ ይላል» አሉ።

«እየሳቀ?» አለች እትዬ።

«ደንግጦ ነው።»

ሁሉም ቴሌቪዥኑን አዩ። ስክሪኑ ላይ የቆመው ሽማግሌ ጉንጩ በእንቁላል ተወጥሮ ዓይኑ ይስቃል። ከታች ያለው ጽሑፍ እየተንቀጠቀጠ ቆሟል፤ ከሳሎኑ ሰው ሁሉ የማነበው እኔ ብቻ ነኝ።

«እንደዚያ አይልም» አልኩ።

ዞሩ። ተነሳሁ።

«የሚለው እንዲህ ነው፦ አንዱን እጄን አነሳልሃለሁ፤ አንዱ ለሹካው ያስፈልገኛል። ለአንድ እንቁላል ለሚበላ ሽማግሌ አሥራ ሁለት ሰው ይዘህ መጣህ። ነገ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ሲቀመጥ ደግሞ፣ ዛሬ የላከህን ሰውዬ ልትይዝ በዚሁ መኪና ትሄዳለህ። እኔ ስሰርቅ ለራሴ ነው። አንተ ስታስር ግን ለማን እንደሆነ እንኳ አታውቅም።»

ማንም አልሳቀም። ሻምበል መቆጣጠሪያውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ኮታቸውን ለበሱ። በሩን ሲዘጉ እንኳ አላጋጩትም። አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ትልቅ ሰው አዋረድሽ» አለ።

በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር በዝምታ አይታለፍም፤ ሽማግሌ ይቀመጥበታል። በሳምንቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ሶፋው ላይ ተደርድረው ጠበቁኝ። ሻምበል ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የእንጨት ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ሰው በርስት ሲጣላ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች፣ ጄኖቫ ውስጥ እንቁላል ስለበላ ሌባ ሊፈርዱ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ግን አላሳቀኝም፤ እጆቼን የማደርግበት ጠፍቶኝ ነበር።

«ነገሩን ከመጀመሪያው ንገሪን» አሉኝ በዕድሜ የሚበልጡት። «ሌባው ምን አለ?»

ካልነገርኳቸው ሊፈርዱ አይችሉም። ስለዚህ ነገርኳቸው፤ ከደረጃው ጀምሬ፣ ከትንፋሹ፣ ከጎረቤቶቹ። ኩሽናው ጋ ስደርስ ድምፄ ራሱ ቀስ አለ፣ መቸኮሉን ተወ። የመጨረሻውን ቃል ሁሉንም አልኩ።

«ይህን ሁሉ ሲናገር እንቁላሉን እየበላ ነው?» አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ።

«አዎ።»

«ከዚያስ? ጨረሰው?»

«እስኪ ዋናውን ነገር እንያዝ» አሉ የመጀመሪያው፤ ግን እሳቸውም መልሱን ለመስማት ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ወደ ሻምበል ዞሩ። «እርስዎስ የሰሙት ምንድን ነው?»

ሻምበል ባርኔጣቸውን አዞሩት።

«ያለችው ነው» አሉ።

አጎቴ ቀና አለ።

«ጣሊያንኛዬ ደህና ነው። ሰውዬው ያለውን ሰምቻለሁ። በአፌ ልለው አልቻልኩም።»

ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ጃንሆይ ሲወርዱ ሻምበል ለጥቂት ወራት ሥራቸው ላይ ቆይተው ለአዲሶቹ ጌቶች ሰው ይዘው ነበር፤ የያዟቸው አንዳንዶቹ የቀድሞ አለቆቻቸው ነበሩ። ከዚያ እሳቸውንም ያዟቸው። ይህን በዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ማንም አንስቶት ግን አያውቅም።

«እንግዲህ ጉልበታቸውን ሳሚና ይለቅ» አለ አጎቴ ቶሎ ብሎ።

ተነሳሁ። «ሰው ፊት ማቋረጤ ጥፋት ነው፤ ለዚያ ጉልበታቸውን እስማለሁ» አልኩ። «ላልኩት ነገር ግን አልስምም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እኔ ጎንበስ አልኩ፤ ሻምበልም እንደ ወጉ ጉልበታቸው ጋ ሳልደርስ ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ። እጃቸው ትከሻዬ ላይ እንዳለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔ በተቀመጥኩበት እንኳ እንዲህ ያለውን ቦታ ብትዘዪው ምን አለበት?» አሉኝ። ትእዛዝ አልነበረም። ትእዛዝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

አሳዘኑኝ። ዛሬም ያሳዝኑኛል። ግን አንዴ ከዘለልኩ ሌላ ጊዜ ሌላ ሰው ሌላ ቦታ እንድዘል ይጠይቀኛል፤ እኔም እዘላለሁ፤ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ወደ ድሮው ዝምታዬ እመለሳለሁ።

«አልዘልም ሻምበል» አልኩ። «እርስዎ ማለት ካልቻሉ፣ እኔ እችላለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ነገሩ ታርቋል ይበሉ አልታረቀም ሳይለይላቸው መርቀው ወጡ። አጎቴ ሳምንቱን ሙሉ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አላነጋገረኝም። ቅዳሜ ግን ከቡሪየን ካሴት ይዞ ገባና፣ ለእኔ ሳይሰጠኝ፣ እኔ በምደርስበት ቦታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አንስቼ ከተትኩት። ሰዎቹ መጡ፤ እትዬ መጣች። ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ሻምበል ከረባታቸውን አስረው ገቡ፤ በእንጨት ወንበራቸው ሳይሆን ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

አሥር ደቂቃ አልሞላም፤ አንዲት የወንበዴ አለቃ የሆነች ሴትዮ ፖሊስ ጣቢያ ገብታ ስለ ፖሊሶቹ የምታስበውን ፊት ለፊት ነገረቻቸው። ፊልሙን አቆምኩት። ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሻምበልን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ።

ሴትዮዋ ያለችውን አልኩ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው፣ ድምፄን ሳልቀንስ።